አራት ቼን አስሬ ለምን አስቆሙኝ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አገር ቤት ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ድራይ ቫን (ዝግ ትሬለር) ስነዳ ቆይቼ በቅርቡ ወደ ፍላትቤድ (ክፍት ትሬለር) ዞርኩ። ባለፈው ከኢንዲያና ቱቦላሬ ጫንኩ። ርዝመቱ 40 ጫማ፣ ክብደቱ 45,000 ፓውንድ ነው። በአራት ባለ 5/16 ኢንች ቼን አሰርኩት። ቼኑ 18,800 ፓውንድ ሳይደርስ አይበጠስም ብሎ ሻጩ ነግሮኛል። አራቱ ሲደመሩ ከ75,000 ያልፋሉ። ሺፐሩም (ጭነቱን የሚልከው) 'ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስረው' አለኝ። ሚዛን ጣቢያ ላይ ግን ኢንስፔክተሩ በደንብ አልታሰረም ብሎ አውት ኦፍ ሰርቪስ አደረገኝ፤ እስኪስተካከል እንዳልነዳ ከለከለኝ። አንዱን ቼን ደግሞ ምልክት የለውም አለው። ጭነቱ እኮ ንቅንቅ አላለም! ጥፋቱ የሺፐሩ አይደለም ወይ? ልከራከር? ዲስፓቸሩ (ሥራ የሚመድብልኝ) በሚቀጥለው ሳምንት ኮይል (የላሜራ ጥቅል) ትጭናለህ እያለኝ ነው። ወደ ቫን ልመለስ ይሆን?»

ምላሽ፦ ኢንስፔክተሩ ልክ ነው። በሁለት በኩል ልክ ነው፤ የቼኑን ምልክት ከጨመርን በሦስት። የማሰሩ ጥፋትም የሺፐሩ አይደለም። ከሂሳቡ እንጀምር።

ሻጩ የነገረህ 18,800 ቼኑ የሚበጠስበት ቁጥር ነው። ጭነት ግን በመበጠሻው ሂሳብ አይታሰርም። ሕጉ የሚቆጥረው ቼኑ በሥራ ላይ እንዲሸከም የተፈቀደለትን ጫና ነው፤ ሾፌሩ ሁሉ ደብሊው ኤል ኤል የሚለውን። በ5/16 ኢንች ግሬድ 70 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ቼን ላይ ይህ ቁጥር 4,700 ፓውንድ ነው። የመበጠሻው ሩብ ማለት ነው። የቀረው ሦስት እጅ ለእርጅና፣ ለዝገት፣ ለጉድጓድና ለድንገተኛ ፍሬን የተተወ መጠባበቂያ ነው። እሱንም ደምረህ ከጫንክበት መጠባበቂያህን ገና ከሺፐሩ ግቢ ሳትወጣ በላኸው።

የፌዴራሉ ደንብ፣ ቁጥር 393.106፣ የሁሉም ማሰሪያዎች ደብሊው ኤል ኤል ሲደመር ቢያንስ የጭነቱን ክብደት ግማሽ መሆን አለበት ይላል። ያንተ ጭነት 45,000 ነው፤ ግማሹ 22,500። አራት ቼን በ4,700 ሲባዛ 18,800 ይመጣል። 3,700 ፓውንድ ጎድሎሃል። (ይህ 18,800 ከሻጩ ቁጥር ጋር አንድ መሆኑ አያደናግርህ። የአንዱ ቼን መበጠሻ የገደቡ አራት እጥፍ ነው፤ ያንተም ቼኖች አራት ናቸው። ለዚህ ነው የገጠሙት።)

ሁለተኛው ጉድለት በርዝመቱ ነው የመጣው። ክብደቱን ብቻ የሚያሰላ ሾፌር ብዙ ነው፤ ደንቡ ግን ርዝመቱንም ይቆጥራል። ጭነቱን ከፊት የሚደግፈው ነገር ከሌለ ለመጀመሪያው 10 ጫማ ሁለት ማሰሪያ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 10 ጫማ፣ ቁራጭም ቢሆን፣ አንድ ይጨመራል። ለ40 ጫማ አምስት ማለት ነው። አራት የሚበቃው ጭነቱ ከፊቱ በጠንካራ ግድግዳ ወይም በደንብ በታሰረ ሌላ ጭነት ተደግፎ ወደፊት እንዳይሄድ ከተከለከለ ነው። ብዙ ልጆች ከካቢናቸው ጀርባ ያለውን አልሙኒየም አይተው «ይኸው ግድግዳ» ይላሉ። ጭነቱ ካልነካው እንደ ድጋፍ አይቆጠርም። ቢነካውም ለዚያ ክብደት የተሠራ መሆን አለበት። ስለዚህ ክብደቱንና ርዝመቱን ለየብቻ አስላ፤ ከዚያ የሚበዛውን ቁጥር ያዝ።

ምልክት የሌለው ቼን ደግሞ ነገሩን አባሰው። ግሬድ 70 ቼን በየመሀሉ 7 ወይም 70 ወይም 700 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል። ቁጥሩ ከጠፋ ወይም ከመጀመሪያውም ከሌለ ኢንስፔክተሩ የሚቆጥረው እንደ ተራ ግሬድ 30 ነው። በ5/16 ይህ 1,900 ፓውንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ሦስቱ ቼኖችህ 14,100፣ አራተኛው 1,900፣ በድምሩ 16,000። ከሚፈለገው 22,500 ስንት እንደጎደለ ራስህ ተመልከት። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም የተለጠጠ ዘለበት ያለው ቼን ቢሆን ኖሮ ደግሞ 1,900ም አይሰጠውም ነበር፤ ጭራሽ አይቆጠርም።

ስለዚህ ክርክሩን ተወው። ኢንስፔክሽን ተሳስቷል የሚል ሾፌር በዳታኪውስ፣ በፌዴራሉ የሪፖርት ማስተካከያ ድረ ገጽ፣ ማመልከት ይችላል፤ የተሳሳተ ሪፖርት ሲስተካከልም አይቻለሁ። ያንተ ግን ሂሳቡ ወረቀቱ ላይ ስላለ ጊዜህን ከማባከን ሌላ የሚያመጣልህ የለም። የኢንስፔክሽን ሪፖርት አዲስ ቀጣሪ በሚያየው መዝገብህ ላይ ለሦስት ዓመት ይቆያል። የሚበጀው ሁለተኛ እንዳይጨመርበት ማድረግ ነው።

ስለ ባይንደር፣ ቼኑን ስለሚያጠብቀው መሣሪያ፣ አልጠየቅከኝም፤ ግን ቀጣዩ ወጥመድ እዚያ ነው። የአንድ ማሰሪያ አቅም የሚለካው በደካማው አካሉ ነው። ነገ ተነስተህ 6,600 የሚችለውን 3/8 ቼን ብትገዛና 5,400 የተጻፈበት ባይንደር ብታስርበት ያለህ 5,400 ነው። ትሬለሩ ላይ ቼኑን የምትሰካበት ቦታም እንደዚያው ነው፤ እሱ ከደከመ የሁሉም ልክ እሱ ነው። ማሰሪያው የተዘረጋበት መንገድም ሂሳቡን ይለውጣል። ከትሬለሩ አንድ ጎን ተነስቶ በጭነቱ ላይ አልፎ ማዶ ጎን የሚታሰር ሙሉ ቁጥሩ ይያዝለታል። ጭነቱን ዞሮ ወደ መጣበት ጎን የሚመለስ ግማሹ ብቻ ነው። ከትሬለሩ ተነስቶ ራሱ ጭነቱ ላይ ባለ ቀለበት የሚያልቅም ግማሹ ነው። ትራክተርና ሎደር የሚጭኑ ልጆች የሚወድቁት በብዛት እዚህ ላይ ነው። አራት ቼን አራት ማዕዘን ላይ አስረው አራት ይቆጥራሉ፤ በሂሳቡ ሁለት ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ማሽን 10,000 ፓውንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ከአራት ማሰሪያ በታች አይፈቀድም። አራቱ ግን ወለል ነው፤ ግማሽ ክብደቱን ካልሞላ ትጨምራለህ።

አሁን «ንቅንቅ አላለም» ወደሚለው ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ጭነትህ ያልተንቀሳቀሰው በደንብ ስለታሰረ አይደለም። ያን ቀን ፍሬን ደፍጥጠህ እንድትይዝ የሚያስገድድህ ነገር ስላልመጣ ነው። ደንቡ ማሰሪያው እንዲቋቋም የሚጠይቀው ጉልበት በግልጽ ተቀምጧል። ፍሬን ስትይዝ ወደፊት የክብደቱን 80 ከመቶ፣ ወደኋላና ወደየጎኑ 50 ከመቶ። ለ45,000 ፓውንድ ጭነት ወደፊት የሚገፋው 36,000 ፓውንድ ነው። ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለህ፤ ከፊቱ ያለኸው አንተ ነህ። ቱቦላሬ ደግሞ ሲንሸራተት ሾሎ ነው የሚመጣው፤ ካቢን አይመልሰውም።

«ከባድ ጭነት ራሱን ይይዛል» የሚባለውን ወሬ ከጭንቅላትህ አውጣ። ክብደቱ ሲጨምር ከወለሉ ጋር ያለው ሰበቃ ይጨምራል፤ እውነት ነው። ፍሬን ስትይዝ ወደፊት የሚገፋው ጉልበትም ግን በዚያው ልክ ይጨምራል። ሁለቱ ይጣፋሉ። 45,000 ፓውንዱም 500 ፓውንዱም በአንድ ዓይነት ወለል ላይ፣ በአንድ ዓይነት ፍሬን፣ እኩል ነው የሚንሸራተቱት። ልዩነቱ 45,000ው ከጀመረ በኋላ የሚያቆመው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ከቼኑ ቁጥር በፊት ጭነቱ ምን ላይ እንደተቀመጠ እይ። ብረት በብረት ላይ ክፉ ነው። ዘይት የተቀባ ቱቦላሬ በብረት ላይ የባሰ ነው። ውሃ፣ ጭቃ፣ በረዶ ሲጨመርበት ሰበቃው የለም ብለህ አስብ። ከስሩ ደረቅ፣ ጠንካራ፣ እኩል ቁመት ያለው ሞራሌ ይግባ። የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ ሞራሌ ሺፐሩ ቢሰጥህም አትቀበል። በረዶ ካለ ከመጫኑ በፊት ወለሉን ጥረግ። የጎማ ምንጣፍ ብታነጥፍ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። አምራቹ የተለየ ቁጥር ካልጻፈበት ደንቡ ምንጣፉ ላይ ያረፈውን ክብደት 50 ከመቶ መንሸራተትን እንደሚከላከል ይቆጥርለታል። ዋጋው ከአንድ ቅጣት በታች ነው፤ ግን የሚገዛው ሾፌር ጥቂት ነው። ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ሌላው የቱቦላሬ ችግር የመሀሉ እሽግ ነው። በላይ በኩል የሚያልፍ ቼን የሚጫነው የሚነካውን ብቻ ነው። ሦስት እሽግ ጎን ለጎን ተቀምጦ የመሀለኛው በአንድ ጣት ዝቅ ካለ ቼኑ የሁለቱን ዳር ይዞ መሀለኛውን በነፃ ይተወዋል። ፍሬን ስትይዝ እሱ ብቻውን ይወጣል። ከጎን ሆነህ ስታየው ሁሉም የታሰረ ይመስላል። ትሬለሩ ላይ ወጥተህ ከላይ እየው። ክፍተት ካለ ፎርክሊፍቱ ሳይሄድ እንደገና እንዲደረድሩት አድርግ፤ ወይም በየንብርብሩ መሀል እኩል ሞራሌ አስገባ። ሰዎቹ ፊታቸውን ያጠቁሩብህ ይሆናል። ያጥቁሩ።

በስትራፕስ፣ በጨርቅ ማሰሪያ? ይቻላል። ባለ 4 ኢንች ስትራፕ ላይ ብዙ ጊዜ 5,400 የሚል መለያ አለ፤ አምስቱ 27,000 ይሆናሉ፤ ሂሳቡን ያሟላል። መለያው ከተቀደደ ግን እያንዳንዱ እንደ 4,000 ነው የሚቆጠረው፤ አምስቱ 20,000 ይሆናሉ፤ አይበቃም። የቱቦላሬ ጠርዝና የታሸገበት ቆርቆሮ ደግሞ ስትራፕ ይበላል። ማሰሪያው የሚቆረጥበት ወይም የሚፋቅበት ቦታ ላይ የጠርዝ መከላከያ ማድረግ ግዴታ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ቀለም የተቀባና መቧጨር የሌለበት ካልሆነ በቀር ለብረት ቼን ነው።

አሁን ስለ ሺፐሩ። «ሁሉም እንዲህ ነው የሚያስረው» ያለህ ሰው ፎርክሊፍት ነጂ ነው። ሕጉ፣ ቁጥር 392.9፣ ጭነቱ በትክክል ሳይደረደርና ሳይታሰር እንዳትነዳ የሚከለክለው አንተንና ድርጅትህን ነው። ፍርድ ቤቶችም የቆየ መስመር አላቸው። በ1953 የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሳቬጅ በተባለው ጉዳይ ላይ ዋናው ኃላፊነት የአጓጓዡ ነው ብሏል። ጭነቱን የጫነው ሺፐሩ ራሱ ከሆነ ሺፐሩ የሚጠየቀው በተለመደ ምልከታ ለማይታይ ስውር ጉድለት ነው። የቼን ቁጥር ደግሞ ስውር ነገር አይደለም።

ይህ የሚከብድህ ከቫን ስለመጣህ ይመስለኛል። በቫን በሩ ታሽጎ፣ አትክፈት ተብለህ ስትሄድ ጭነቱን የመመርመር ግዴታው አይመለከትህም። ለዚያ ሕጉ የተለየ ቦታ ሰጥቷል። ፍላትቤድ ላይ ያ የለም። ከተነሳህ በኋላ ባለው 50 ማይል ውስጥ ቆመህ ማየት አለብህ። ከዚያ በየ150 ማይሉ፣ ወይም በየሦስት ሰዓቱ፣ ወይም የሥራ ሁኔታህ በሎግ (በሰዓት መዝገብህ) ላይ ሲቀየር፣ ቀድሞ በመጣው። የመጀመሪያዋ ፍተሻ የቢሮ ሕግ እንዳትመስልህ። ሞራሌው ይጫናል፣ እሽጉ ይቀመጣል፣ የቼኑ ዘለበቶች ቦታቸውን ይይዛሉ፤ አንቀህ ያሰርከው ቼን 20 ማይል ላይ ሲወዛወዝ ልታገኘው ትችላለህ። አንድ ቼን ከላላ ሥራው ለቀሩት ይደርሳል። መኪና ማቆሚያ ያለበትን ቦታ ከመነሳትህ በፊት መርጠህ ያዝ፤ የሀይዌይ ዳር ላይ ቆሞ ቼን ማጥበቅ ራሱን የቻለ አደጋ ነው። ያየህበትን ሰዓትና ቦታ ሎግህ ላይ በማስታወሻ ጻፍ። ግዴታ አይደለም፤ አደጋ ቢደርስ ግን የሚናገርልህ እሱ ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ረዳት አለመኖሩ ነው። ጅቡቲ መስመር ላይ ሸራ የሚያለብሰው፣ ገመድ የሚወጥረው፣ ታኮ የሚያስገባው ረዳቱ ነበር። ሾፌሩ ሻይ ይጠጣ ነበር። እዚህ ረዳቱም ሾፌሩም አንተ ነህ፤ ሰዓቱ ግን የአንድ ሰው ነው። ሥራ ከጀመርክበት ደቂቃ 14 ሰዓት ይቆጥርልሃል፤ ከዚያ ውስጥ 11 ትነዳለህ። ሺፐሩ ጋ አራት ሰዓት ጠብቀህ፣ ሁለት ሰዓት አስረህና ሸራ አልብሰህ ስትወጣ ከ14ቱ የቀረህ ስምንት ነው። ዲስፓቸሩ ግን ካርታ ላይ 11 ሰዓት ነው የሚያየው። ችኮላው የሚመጣው ከዚህ ነው። አራት ቼን የሚታሰረውም ከዚህ ነው። የምታስርበትን ጊዜ ኦፍ ዱቲ (ከሥራ ውጪ) አድርገህ ሰዓት ለመቆጠብ አትሞክር፤ ሥራ ነው፣ ሎግህን ማጭበርበር ይሆናል። ይልቅ ሎዱን ከመቀበልህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። ሸራ ይፈልጋል ወይ? ለሸራው ለብቻው ይከፈላል ወይ? ከስንተኛው ሰዓት ጀምሮ ለመጠበቅ ይከፈለኛል? ማይሉ ብቻውን ገንዘብ አይደለም። የወሰደብህን ሰዓት ሁሉ ደምረህ ክፍያውን ለዚያ አካፍለው። ብዙ «ጥሩ ሎድ» እዚያ ላይ ይወድቃል።

ስለ ሸራ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ሰውነት የሚጎዳው እዚያ ነው። የጣውላ ሸራ ተጠቅልሎ ብዙውን ጊዜ ከ100 ፓውንድ በላይ ይመዝናል። በትከሻህ ይዘህ መሰላል አትውጣ፤ ፎርክሊፍቱ ያንሳልህ፤ ሳይሄድ ጠይቅ። ሸራ ከተዘረጋ በኋላ ላዩ ላይ መራመድ ክልክል ነው ብለህ ያዝ። ጠርዙና በእሽጎች መሀል ያለው ክፍተት አይታይም፤ የምትረግጠው ባዶ ሊሆን ይችላል። ወደኋላ እየተራመድክም አትጎትት። የትሬለሩ ወለል ብቻውን 5 ጫማ ያህል ከፍታ አለው፤ ጭነቱን ስትጨምርበት ከፎቅ መውደቅ ነው። ንፋስ ካለ ደግሞ ሸራው ይዞህ ይሄዳል። ዋዮሚንግ ላይ በ80 መንገድ፣ በላራሚና በሮሊንስ መሀል የሄደ ሰው ይህን አይጠይቀኝም። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይተህ ከዚያ ጎን ጀምረህ እሰር። መብረቅ ካለ ካቢንህ ውስጥ ግባ፤ ሎዱ ይጠብቅ።

ስለ ጾምም ልናገር፣ ማንም ስለማያነሳው። ቴክሳስ በበጋ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም ሳይቀምሱ ሸራ የሚያለብሱ ልጆች አውቃለሁ። በረመዳንም እንደዚያው። ቄሱን ወይም ሼኩን ጠይቅ፤ እኔ የሃይማኖት ምክር አልሰጥም። የማውቀው ጭነቱ ላይ የዞረበት ሰው የሚወድቀው አስፋልት ላይ መሆኑን ነው።

የማንሻ ባይንደር ካለህ ቱቦ አስገብተህ አታርዝመው። እጀታው ሲያመልጥ መንጋጋ ይሰብራል። ራቼት ባይንደር ግዛ፤ ይዘገያል እንጂ አይመታም። ስትፈታም ተጠንቀቅ። በመንገድ ላይ የተንቀሳቀሰ ጭነት ቼኑን ተደግፎ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ዙሪያውን ሂድ፣ ያጋደለ ነገር ካለ አትፍታ፤ ፎርክሊፍቱ በዚያ ጎን ደግፎ ይያዘው። ማዶ ማን እንደቆመ ሳታይ ቼን አትልቀቅ። አንዳንዱ ከ1,000 ማይል በኋላ የደረሰ ጭነት ሰው የሚጎዳው መጋዘኑ በር ላይ ነው።

የኮይሉን ነገር በአጭሩ፦ አትጫን። አሁን አትጫን።

ላሜራ ኮይል የራሱ ደንብ አለው፤ 393.120። ከ5,000 ፓውንድ ጀምሮ ይሠራል። ኮይሉ በሦስት መንገድ ይቀመጣል፤ ለእያንዳንዱ አስተሳሰሩ ይለያያል። ዓይኑ፣ የመሀል ቀዳዳው፣ ወደ ሰማይ ሲሆን በላዩ ላይ ሁለት ቼን በሰያፍ ይሻገራሉ፣ ሌላ አንድ ደግሞ በዓይኑ ላይ በአግድም ያልፋል፤ ወደፊት እንዳይሄድም ይከለከላል። ዓይኑ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲሆን፣ ሾፌሮች ሾትገን የሚሉት፣ ወደ ጎን የመንከባለል አደጋ አለ። ዓይኑ ወደ ጎን ሲሆን ደግሞ ኮይሉ ወደ ካቢንህ መንከባለል ይችላል። ስሙ ሱሳይድ (ራስን ማጥፋት) የሆነው ለቀልድ አይደለም። እዚያ ላይ ቢያንስ አንድ ማሰሪያ በዓይኑ በኩል አልፎ ወደፊት፣ ቢያንስ አንድ ደግሞ ወደኋላ መያዝ አለበት። ቼኖቹን በዓይኑ ውስጥ እንደ መስቀል ማጠላለፍ የተከለከለ ነው። ከስሩ የሚገባውን እንጨትና ታኮ በሚስማር ብቻ ማስያዝም የተከለከለ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ቱቦላሬው 40 ጫማ ላይ ያከፋፈለውን ክብደት አንድ ኮይል በጥቂት ጫማ ላይ ያሳርፈዋል። ትሬለሩ በዚያ ቦታ ያንን ክብደት መቻሉን፣ ኮይሉ የት ቢቀመጥ የኋላ አክስሎችህ 34,000 እንደማያልፉ ማወቅ አለብህ። ይህን ሁሉ ከጽሑፍ አንብቦ ብቻውን የሚጀምረው ሰው ሞኝ ነው፤ ይህን ጽሑፍም ጨምሬ ነው የምልህ።

ወደ ቫን ተመለስ አልልህም። አገር ቤት ከባድ የነዳ ሰው ለዚህ ሥራ የሚሆን ዓይን አለው፤ የጎደለህ ሂሳቡና ዕቃው ነው። የምታደርገው ይህ ነው። የ5/16 ቼንህን ለቀላል ጭነት ተወውና አሥር ባለ 3/8 ግሬድ 70 ቼን ከተመጣጣኝ ራቼት ባይንደር ጋር ይኑርህ። ባይንደሩ ላይ 6,600 ወይም ከዚያ በላይ መጻፉን ሳታነብ አትክፈል። የአንዱ ባለ 20 ጫማ ቼን ክብደት ወደ 30 ፓውንድ ነው፤ የሚጫነውን ክብደት ስታሰላ እሱንም ቁጠር። ያንን የቱቦላሬ ሎድ ደግመህ ብታገኝ በስድስቱ እሰረው፤ 39,600 ይሆናል። አምስቱም ሕጉን ይሞላል። ስድስተኛው አንዱ መንገድ ላይ ቢላላ ወይም ኢንስፔክተሩ አንዱን ቢጥልብህ ነው። ድርጅቱ ቼን አልገዛም ካለህ ሌላ ድርጅት ፈልግ። ኮይል የምትጀምረው ልምድ ካለው ሾፌር ጋር ሆነህ፣ በሦስቱም አቀማመጥ በእጅህ አስረህ ካየህ በኋላ ነው።

ለዲስፓቸሩ ደግሞ በስልክ አትንገረው፤ ጻፍለት። «ያለኝ ቼን ለዚህ ክብደት አይበቃም፣ በኮይል አስተሳሰርም አልሠለጠንኩም፣ ደንቡን አሟልቼ ማሰር ስለማልችል ይህን ሎድ አልወስድም» በል። አጭር ይሁን፣ ምክንያቱ ይታይ፣ ቀኑ ይኑርበት። ሾፌርን የደህንነት ደንብ እንዲጥስ ማስገደድ ድርጅቱንም ብሮከሩንም (ደላላውንም) ሺፐሩንም ያስጠይቃል። ለፌዴራሉ የጭነት መኪና ደህንነት መሥሪያ ቤት የማስገደድ አቤቱታ ለማቅረብ 90 ቀን አለህ። አልነዳም በማለትህ ካባረሩህ ደግሞ ለኦሻ (ለፌዴራሉ የሠራተኞች ደህንነት መሥሪያ ቤት) በ180 ቀን ውስጥ ማመልከት ትችላለህ። ሁለቱም ቦታ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ያንን ጽሑፍ ነው። ስክሪን ሾት አንሥተህ ከድርጅቱ ስልክ ውጪ አስቀምጠው።